ፊደል የለየ ልጅ ረጅም ቃል ላይ ለምን ይቆማል?

ፊደል ለይቶ የጨረሰና «ቤት»፣ «ልጅ»፣ «መጣ» የሚሉትን አጫጭር ቃላት ያለ ችግር የሚያነብ ልጅ «አልተመለሱላቸውም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ተንገዳግዶ እንደሚቆም ሕፃናትን ንባብ ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። በቃሉ ውስጥ ካሉት አሥር ፊደላት ልጁ የማያውቀው አንድም የለም፤ እያንዳንዱን ነጥለን ብንጠይቀው ሳያመነታ ይመልሳል። ሆኖም አንድ በአንድ እየጠራ አሥረኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ከአእምሮው ስለሚጠፉ፣ ከጠራቸው ድምፆች አንድ ቃል ማውጣት ያቅተዋል፤ አለዚያም ከመካከል ሁለት ሦስቱን ይዘልና የሚመስለውን ሌላ ቃል ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ «ፊደሉን ገና አላጠናም» ብሎ ወደ ፊደል ገበታ መመለስ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለልጁ የጎደለው ፊደል አይደለም። የጎደለው ያ ረጅም ቃል «አል-»፣ «ተመለሱ»፣ «-ላቸው» እና «-ም» ከሚባሉ፣ ሲናገር ሁልጊዜ ከሚጠቀምባቸው ጥቂት ክፍሎች የተሠራ መሆኑን ማየት ነው።

የቃልን አወቃቀር ማስተማር በልማድ ለሰዋስው ክፍለ ጊዜ፣ ያውም ከፍ ላሉ ክፍሎች የሚተው ጉዳይ ነው። ትንንሾቹ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ትልልቆቹ መነሻና መድረሻ ቅጥያ ይለያሉ። ይህ አከፋፈል ልክ አይመስለኝም። በተለይ በግዕዝ ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ የቃል ክፍሎችን ማስተዋል ከፊደል ትምህርቱ ጋር አብሮ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መሄድ ይገባዋል እላለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የሥነ ልሳን ሰዎች ትርጉም ወይም ሰዋስዋዊ አገልግሎት ያለውን ትንሹን የቃል ክፍል ምዕላድ ይሉታል። «ልጆች» በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ምዕላዶች አሉ፤ አንዱ ራሱን ችሎ የሚቆመው «ልጅ» ሲሆን ሌላው ብዛትን የሚያመለክተውና ለብቻው የማይቆመው «-ኦች» ነው። በግሦች ላይ ነገሩ ይጠልቃል። «ሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት»፣ «ተሰበረ»፣ «ሰባበረ»፣ «ስብርባሪ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ስ-ብ-ር የሚባል ሦስት ተነባቢዎች ያሉት ሥር ይጋራሉ፤ አናባቢዎቹ በተነባቢዎቹ መካከል እየገቡና እየወጡ፣ አንዳንዴም ተነባቢው እየተደገመ፣ ትርጉሙን ወደ አድራጊ፣ ወደ ተደራጊ፣ ወደ ድርጊቱ ውጤት ይወስዱታል። ምዕላዳዊ ግንዛቤ የሚባለው እንግዲህ እነዚህን ክፍሎች መጠቀም መቻል ብቻ አይደለም። ክፍሎቹን ልብ ማለትን፣ ማነጻጸርን፣ ማንሳትንና መጨመርንም ይጨምራል። የአራት ዓመት ልጅ «ኳሶቼን አምጣልኝ» ሲል ስድስት ሰባት ምዕላዶችን ያለ ስሕተት ያቀናጃል፤ እንዳቀናጀ ግን አያውቅም። በመናገርና በማስተዋል መካከል ያለው ይህ ርቀት ነው በማስተማር የሚጠበበው።

ሕፃናት ይህን ዕውቀት ቃል በቃል ከመሸምደድ እንዳላገኙት በግልጽ ያሳየው የተመራማሪዋ የጂን በርኮ ጥናት በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በርኮ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለሚሆናቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች በእውን የሌሉ ፍጥረታትን ሥዕል አሳየቻቸው፤ ለእያንዳንዱም ማንም ሰምቶት የማያውቅ ስም አወጣችለትና ሁለት ሲሆኑ ምን እንደሚባሉ ጠየቀቻቸው። ልጆቹ ቃሉን ከዚያ በፊት ስላልሰሙ ብዙ ቁጥሩን ከማንም ሊማሩት አይችሉም፤ ሆኖም አብዛኞቹ በቋንቋቸው ደንብ መሠረት አረቡት። ተመሳሳይ ጥያቄ በአማርኛ ማቅረብ ይቻላል፤ ጥቂት ማስተካከያ ግን ይፈልጋል። በአማርኛ ከቁጥር በኋላ ስም በነጠላ ሊቆይ ስለሚችል፣ «ዙፍ» የሚል የፈጠራ ስም ሰጥተን «ሁለት ምን?» ብንል «ሁለት ዙፍ» የሚለው መልስ ስሕተት አይሆንም። ስለዚህ «ይህ ዙፍ ነው፤ እነዚህስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለግሥ ደግሞ «በከዘ» የሚል በቋንቋው የሌለ ቃል እንውሰድ፤ «ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ ይበክዛል፤ ሥራው መበከዝ ነው፤ ታዲያ ምን ይባላል?» ብለን እንጠይቅ። «በካዥ» ብሎ የመለሰ ልጅ አድራጊን የሚያመለክተውን ቅርጽ ማወቁን ብቻ ሳይሆን «ዝ» በዚያ ቦታ ወደ «ዥ» እንደሚለወጥ ማወቁንም አሳይቷል። «ያዘ» ወደ «ያዥ»፣ «ወሰደ» ወደ «ወሳጅ»፣ «ለመነ» ወደ «ለማኝ»፣ «መረጠ» ወደ «መራጭ» የሚሄዱበትን መንገድ ማንም ሳያስተምረው ይዞታል ማለት ነው።

ወደ ፊደል ስንመጣ ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል ነገር አለ። በላቲን ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች ቅጥያ ሲጨመር ብዙውን ጊዜ ከቃሉ ጫፍ ላይ አዲስ ፊደላት ይቀጠላሉ፤ ዋናው ቃል በአብዛኛው እንደነበረ ይታያል። በግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ የምዕላዶች ድንበር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሁለት ፊደላት መካከል አይደለም፤ በአንድ ፊደል ሆድ ውስጥ ነው። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቴ»፣ «ቤታችን»፣ «ቤቶች» የሚሉትን እንመልከት። «ቤ» በሁሉም ውስጥ አንድ ነው፤ የመጨረሻው የ«ቤት» ፊደል ግን «ት»፣ «ቱ»፣ «ቴ»፣ «ታ»፣ «ቶ» እየሆነ ይለዋወጣል። በ«ቱ» ውስጥ ተነባቢው የ«ቤት» ነው፤ አናባቢው ግን ሌላ ምዕላድ፣ ቤቱ የታወቀ ወይም የእሱ መሆኑን የሚናገር መድረሻ ነው። አንድ ፊደል ለሁለት ምዕላዶች ተከፍሏል። ይህን ያላስተዋለ ልጅ «ቤት» እና «ቤቴ» ሁለት የማይገናኙ የፊደል ሰንሰለቶች ይመስሉትና እያንዳንዱን ከባዶ ለማንበብ ይገደዳል።

ሰባቱ ቤቶች ሲጠኑ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» እየተባለ በዜማ ይወረዳል፤ ዜማው ለትውስታ ይጠቅማልና አልቃወመውም። ነገር ግን ለልጁ ሳይነገረው የሚቀረው፣ ቤቶቹ በቃል መጨረሻ ላይ ሲገኙ ትርጉም የሚሸከሙ መሆናቸው ነው። በስም መጨረሻ ላይ የመጣ ካዕብ «ልጁ» እንደሚለው እርግጠኛነትን ያመለክታል፤ በግሥ መጨረሻ ላይ «መጡ» ሲል ብዙዎች መሆናቸውን ይናገራል። ኃምስ «ልጄ» ሲል የእኔነትን ይይዛል። ሣልስ «ክፈቺ»፣ «ውሰጂ» ሲል ትእዛዙ ለሴት መሆኑን ይገልጻል። ሳብዕ «ሄዶ» ሲል እሱን፣ ራብዕ «ሄዳ» ሲል እሷን ያመለክታል። ይህ ሁሉ ልጁ በአፉ የሚያውቀው ነው። በዓይኑ እንዲያውቀው ለማድረግ የሚያስፈልገው ደግሞ ትንሽ ነው፤ «ጁ»ን በገበታው ላይ በተማረበት ሳምንት «ልጅ»ን ከ«ልጁ» ጎን ጽፎ «ምን ተለወጠ? ሲለወጥስ ምን አለን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በእኔ እምነት ለጀማሪ አንባቢ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ያህል ፍሬ የሚሰጥ ጥቂት ነው፤ ልጁ ፊደልን የድምፅ ምልክት ብቻ አድርጎ ከማየት ወደ ትርጉም ምልክትነቱ የሚሻገረው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነውና።

ምዕላዳዊ ግንዛቤ ለንባብ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ከድምፅ ግንዛቤ የተለየ መሆን አለመሆኑ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ጥርጣሬው ምክንያት አለው፤ ምዕላዶች ራሳቸው በድምፅ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ድምፅን አጥርቶ የሚለይ ልጅ ምዕላድንም ሊለይ ይችላል። ሄሌን ዲከን እና ጆን ከርቢ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ልጆችን ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ተከታትለው፣ የድምፅ ግንዛቤን፣ የማሰብ ችሎታንና የቀድሞ የንባብ ደረጃን በስሌት ካስወጡ በኋላ እንኳ ምዕላዳዊ ግንዛቤ ለንባብ የራሱ አስተዋጽኦ እንዳለው አሳይተዋል። አስተዋጽኦው ግዙፍ አልነበረም፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ነበር፤ ያነበቡትን በመረዳትም ሆነ ፈጽሞ አይተውት የማያውቁትን ቃል በማንበብ ላይ ታይቷል። ይህ የሚጠበቅም ይመስለኛል። አንድ ልጅ «መምረጫ» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ሲያገኘው «መክፈቻ»ን፣ «መያዣ»ን፣ «መውሰጃ»ን የሚያውቅ ከሆነና መነሻው «መ-» እና መድረሻው አንድ ላይ ሆነው የመሣሪያን ወይም የቦታን ስም እንደሚሠሩ ከተገለጠለት፣ «ጫ» በ«መረጠ» ውስጥ ያለው «ጠ» የተለወጠበት መሆኑን ካየ፣ ቃሉን ያነበዋል፤ ትርጉሙንም ማንንም ሳይጠይቅ ይደርስበታል። በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የሚበዙት «ተንቀሳቃሽ»፣ «አስተላላፊ»፣ «ኃላፊነት» የመሳሰሉ ቃላት ሁሉ በዚህ መንገድ ለሚመረምራቸው ልጅ ይከፈታሉ።

የማጥበቅና የማላላት ጉዳይም እዚህ ጋር ይነሳል። ፊደላችን የትኛው ድምፅ እንደሚጠብቅ አያሳይም፤ አንባቢው ራሱ መወሰን አለበት። «ልጁ ኳሱን ይመታል» እና «ኳሱ ይመታል» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ይመታል» በጽሑፍ አንድ ነው፤ በንባብ ግን ሁለት ነው። በመጀመሪያው «መ»ም «ታ»ም ይላላሉ፤ በሁለተኛው ሁለቱም ይጠብቃሉ። ለምን ይጠብቃሉ ብለን ብንመረምር፣ በኃላፊ ጊዜ «ተመታ» ሲል በግልጽ የሚታየው የተደራጊነት «ተ-» በ«ይመታል» ውስጥ ከዓይን ይጠፋና በ«መ» ላይ ማጥበቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ትክክለኛውን ንባብ የሚያገኘው ፊደሎቹን በጥንቃቄ በመመልከት ብቻ አይደለም፤ መቺውና ተመቺው ማን እንደሆነ፣ ቃሉም የየትኛው ቤተሰብ አባል እንደሆነ በማወቅ ነው። ፊደል በፊደል ብቻ እንዲያነብ የተለማመደ ልጅ ሁሉንም አላልቶ ያነብና የተነበበው ነገር ለራሱ ጆሮ እንግዳ ይሆንበታል። እንዲህ ያለውን ንባብ የሰማ መምህር «ደግመህ አንብበው» ከማለት ይልቅ «ኳሱ ነው የሚመታው ወይስ ሌላ ሰው ነው ኳሱን የሚመታው?» ቢል ልጁ ራሱ ያስተካክለዋል።

ለጽሕፈት ያለው ጥቅም ከንባብም ይበልጥ የሚታይ ነው፤ ልጆች ሲጽፉ የሚያስቡት ወረቀቱ ላይ ይቀራልና። በእንግሊዝኛ ብዙ የተጠናው ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተው መድረሻ ነው፤ ሲነገር አንዴ «ት»፣ አንዴ «ድ»፣ አንዴ «ኢድ» ሆኖ ይሰማል፤ ሲጻፍ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ተሬዚንያ ኑኔስ፣ ፒተር ብራያንት እና ሚሪያም ቢንድማን በ1997 ባሳተሙት ጥናት ልጆች በዚህ ላይ የሚያልፉበትን ጉዞ ተከታትለዋል። ልጆቹ በመጀመሪያ መድረሻውን እንደሰሙት ይጽፉታል። ቀጥሎ አንድ የተለየ አጻጻፍ መኖሩን ይደርሱበትና ቦታው ባልሆነበትም ይጠቀሙበታል፤ ለምሳሌ «ለስላሳ» የሚል ትርጉም ባለው «ሶፍት» በሚለው ቅጽል መጨረሻ ላይ ሁሉ የግሥ መድረሻ ያስገባሉ። ከዚያ ለግሦች ብቻ መሆኑን ይረዳሉ፤ ግን ከደንቡ በሚያፈነግጡ ግሦችም ላይ ይጽፉታል። በመጨረሻ ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። በዚህ ጥናት ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ሁለተኛው ደረጃ ነው። ከላይ ሲታይ ልጁ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፤ ትናንት በትክክል ይጽፈው የነበረውን ቃል ዛሬ ያበላሸዋልና። በእውነቱ ግን ጽሕፈት ከድምፅ በላይ የሆነ ነገር እንደሚመዘግብ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ ገና በጀመሩ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። ሬቤካ ትሪማን እና ማሪ ካሳር በ1996 እንደ ዘገቡት፣ ጀማሪ ጸሐፊዎች በቃል መጨረሻ ላይ ሁለት ተነባቢዎች ተከታትለው ሲመጡ የፊተኛውን መዝለል ይቀናቸዋል። ሆኖም ያ የፊተኛው ተነባቢ የዋናው ቃል የመጨረሻ ድምፅ ሲሆንና ሁለተኛው ቅጥያ ሲሆን የሚዘሉበት ጊዜ ይቀንሳል። ማንም ስለ ቅጥያ ያላስተማራቸው ልጆች ዋናውን ቃል በከፊልም ቢሆን ይጠብቁታል ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠብቁትም፤ መምህር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአማርኛ ተመሳሳይ ጉዳይ በየደብተሩ ላይ ይገኛል። ቃለ ጽሕፈት ሲሰጥ «ለአባቱ ነገረው» የተባለውን ልጁ «ላባቱ ነገረው» ብሎ ይጽፋል። የሰማውን በትክክል ጽፏል፤ በንግግር «ለ» እና «አ» ተዋሕደው አንድ ድምፅ ይሆናሉና። ጆሮውን እንዲያሠለጥን ብንነግረው ምንም አይለወጥም። የሚለወጠው «ለማን ነገረው?» ብለን «ለ» እና «አባቱ» ሁለት መሆናቸውን እንዲያይ ስናደርግ ነው። «የአገር» እና «ያገር»፣ «በእግሩ» እና «በግሩ»፣ «ከአንድ» እና «ካንድ» ሁሉ በዚሁ ይጠቃለላሉ። የተዋሐደውን አጻጻፍ የሚጽፉ ትልልቅ ጸሐፊዎችም አሉና ስሕተት ብዬ አላወግዘውም፤ ለጀማሪ ግን የተነጠለው ይሻላል፤ «አባት» በሄደበት ሁሉ መልኩን ሳይለውጥ ይታየዋልና።

«ሄዷል» ሌላው ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጆች «ሄድዋል»፣ «ሄዱዋል»፣ «ሄዶአል»፣ «ሄዷል» እያሉ ይጽፉታል። «ሄዶአል» የጻፈው ልጅ ቃሉ «ሄዶ» እና «አል» ከሚሉ ሁለት ክፍሎች መሠራቱን አውቋል፤ «ሄዷል» የጻፈው የሁለቱን ውሕደት የሚያሳየውን ፊደል ተጠቅሟል። «ሄድዋል» እና «ሄዱዋል» የጻፉት ግን ጆሯቸውን ብቻ ተከትለዋል። አራቱም በቀይ እስክሪብቶ እኩል ቢሰረዙ ወይም እኩል ቢታለፉ፣ መምህሩ ስለ ልጆቹ ማወቅ የሚገባውን ነገር አጥቷል። «ሄዳለች» «ሄዳ» እና «አለች»፣ «ሄደዋል» «ሄደው» እና «አል» መሆናቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ሁሉንም የሚያገናኛቸውን ነገር ያወጣዋል።

ከዚህ የተነሣ፣ ቃለ ጽሕፈት ከታረመ በኋላ ስሕተቶቹን በቁጥር ብቻ መደመር ትርፉ ትንሽ ነው እላለሁ። «ተፋ» ለማለት «ጠፋ» የጻፈ ልጅ ድምፅ ወይም ፊደል አምታቷል፤ እሱ የድምፅ ልምምድ ያስፈልገዋል። «ላባቱ» ያለው የቃሉን ክፍሎች አላየም። «ገበሬኦች» ያለው ግን ክፍሎቹን አይቷቸዋል፤ የማያውቀው ቃሉ በአናባቢ ሲያልቅ «-ዎች» ተብሎ መጻፍ የተለመደ መሆኑን ነው። ይህ የመጨረሻው ስሕተት የአስተዋይ ልጅ ስሕተት ነውና በዚያው መሠረት መታረም አለበት፤ ያወቀው ነገር ተመስግኖ የቀረው ይነገረዋል።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ሳይነሣ ማለፍ አይቻልም። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው ስላልተለየ ልጁ የትኛውን እንደሚጽፍ ጆሮው ሊነግረው አይችልም። ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው የቆየ ክርክር ውስጥ እዚህ አልገባም። ሞክሼዎቹን ለይቶ የሚያስተምር ሰው ግን እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ከሚያስሸመድድ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ቢያቀርብ ይሻለዋል። «ሠራ»፣ «ሥራ»፣ «ሠራተኛ»፣ «መሥሪያ» አንድ «ሠ» ይጋራሉ፤ «ነገሠ»፣ «ንጉሥ»፣ «መንግሥት» እንዲሁ። «መጽሐፍ»፣ «ጽሑፍ»፣ «ጸሐፊ»፣ «ጽሕፈት» ሁሉም «ጸ» እና «ሐ»ን ይዘዋል፤ «ጻፈ» ብቻ «ሐ»ን በንግግርም በጽሕፈትም ጥሏታል። አንዱን የያዘ ልጅ አራቱን ይይዛል፤ ያልተማረውን አምስተኛ ሲያገኝም ከምን መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

ይህን ሁሉ ስል የድምፅና የፊደል ትምህርት ይቀነስ ማለቴ አይደለም። ፊደሉን ያልለየ ልጅ የቃል ክፍል ሊያነብ አይችልም። በተጨማሪም ክፍል ፍለጋው ያለ ልክ ከሄደ ልጁን ያሳስተዋል። «ለመነ» ውስጥ ያለው «ለ» መነሻ ቅጥያ አይደለም፤ «ከተማ» ከ«ከ» እና ከ«ተማ» አልተሠራም፤ «በር»ም ሆነ «የካቲት» እንዲሁ። ልጆች ይህን የፍለጋ ጨዋታ ሲወዱት በየቃሉ ላይ መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት መመዘኛ አብሮ መሰጠት አለበት። የተቆረጠው ሲነሣ የሚቀረው ራሱ ቃል ነው? ቃል ከሆነስ ትርጉሙ ከሙሉው ቃል ጋር ይገናኛል? «ለልጅ» ፈተናውን ያልፋል፤ «ለመነ» ይወድቃል። ያልተቆረጡትን መለየት የተቆረጡትን ከመለየት ያላነሰ ትምህርት ነው።

ፒተር ባወርስ፣ ጆን ከርቢ እና ሄሌን ዲከን በ2010 የቃል አወቃቀርን ስለ ማስተማር የተደረጉ 22 ጥናቶችን መርምረው የደረሱበት ውጤት ከዚህ ጋር ይስማማል። ትምህርቱ ልጆችን ይጠቅማል፤ በንባብ ለደከሙት ደግሞ በተለይ ይጠቅማል፤ ለትንንሾች ያለው ጥቅም ለትልልቆቹ ካለው አያንስም፤ ከሌላው የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ይበልጥ ይሠራል። «ለትንንሾች አያንስም» የሚለው ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፤ ይህ ትምህርት እስከ ላይኛው ክፍል መቆየት አለበት ለሚሉ ሰዎች ቀጥተኛ መልስ ነውና። ለደከሙት የመጥቀሙ ምክንያትም ሊገመት ይችላል። ድምፅን አጥርቶ መለየት የሚከብደው ልጅ ትርጉምን ለመለየት ላይከብደው ይችላል፤ «ልጄ» እና «ልጁ» የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቀው በድምፃቸው ብቻ ሳይሆን ልጁ የማን እንደሆነ በማወቁም ነው፤ በዚህ በኩል ሌላ በር ይከፈትለታል። የሚማርበት ቋንቋ አፍ የፈታበት ላልሆነ ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እሱ የቃሉን ክፍሎች በአፉ ስለማያውቃቸው «ታውቀዋለህ፣ ልብ በለው» ማለት አይጠቅመውም። መጀመሪያ ደጋግሞ መስማትና መናገር፣ ከዚያ ማስተዋል ያስፈልገዋል።

በተግባር ሲታይ ብዙ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በቃል ብቻ ይጀመራል፤ «ኳሴ ስልህ የማን ኳስ ነው? ኳሳችን ስልህስ?» እየተባለ። በጽሑፍ ሲሆን ቅጥያውን በመቀስ መቁረጥ አይቻልም፤ ድንበሩ በፊደሉ ውስጥ ነውና። ስለዚህ «ኳስ» እና «-ኦች» ተለይተው ይጻፉና ከጎናቸው «ኳሶች» ይጻፋል፤ ልጁም «ስ» ወደ «ሶ» የተለወጠበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ረጅም ግሥ ሲያጋጥም ከዳር ወደ ዳር ከማንበብ ይልቅ መጀመሪያ መካከሉን መፈለግ ይሻላል። «አልመጡባቸውም» በሚለው ውስጥ «መጡ» ይገኛል፤ ቀጥሎ «አል-» እና «-ም» ብዙ ጊዜ ተያይዘው የሚመጡ ጥንድ ስለሆኑ አንድ ላይ ይጨመራሉና «አልመጡም» ይሆናል፤ በመጨረሻ «-ባቸው» ይገባል። ሦስት ጊዜ በዚህ መንገድ የተነበበ ቃል በአራተኛው በአንድ እይታ ይነበባል ብዬ ቃል አልገባም፤ ልጆች ይለያያሉ፤ ግን «አል-» እና «-ም» በሌላ ቃል ላይ ሲመጡ እንደ ገና እንግዳ አይሆኑም።

ለትንንሾች «ምዕላድ»፣ «ቅጥያ»፣ «ሥር» የሚሉትን ስያሜዎች ማስጠናት አያስፈልግም። ትርጓሜ የሸመደደ ልጅ ሁሉ ክፍሎቹን በቃል ውስጥ ያያቸዋል ማለት አይደለም፤ ክፍሎቹን በየቃሉ ውስጥ ሲያይ የኖረ ልጅ ግን ከፍ ባለ ክፍል ሰዋስው ሲማር ስያሜው የሚያርፍበት ነገር አስቀድሞ በእጁ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ትንሽ ክፍል» ወይም «የተጨመረው» ማለት ይበቃል፤ የሚቀረው ጊዜ ለምሳሌ ቢውል ይመረጣል፤ ምሳሌውም ልጁ በዚያው ቀን ካነበበው ገጽ ቢወሰድ የተሻለ ነው።